በሐራጅ የተሸጠው የዐኒሳ ቤት

ጅጅጋ ውስጥ ያልተጣላሁት ሰው ካለ ገና ያልተዋወቅነው ነው። አፌ አያርፍም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ደስታነሽ፣ አንቺ እኮ መጀመሪያ ትናገሪያለሽ፣ ከዚያ ታስቢያለሽ» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ስለ ኤዶ ቃሊ ግን ይኸው ስንት ጊዜዬ፣ ለማንም አላወራሁም። ላወራ እጀምርና ሌላ ወሬ አስገባበታለሁ። ዛሬ ይውጣልኝ።

ኤዶ ማለት በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። የሥጋ ዝምድና የለንም። እኔ አያቴ ወታደር ሆኖ ጅጅጋ መጥቶ እዚሁ የቀረ የክርስቲያን ልጅ ነኝ፣ እሷ ከቱሊ ጉሌድ ገጠር ግመሎቿን ድርቅ ጨርሶባት ከነልጇ ከተማ የገባች ሴት ናት። ሃያ ዓመት አጥር ለአጥር ኖረናል። አንቺ እያልኳት ስለኖርኩ አሁን ተነሥቼ «እሳቸው» ብል ራሷ ትስቅብኛለች።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት ናት። ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች። የፊት ጥርሶቿ ተሸራርፈው አልቀዋል። ይህን ያደረገው ዕድሜ አይደለም፣ የልጇ ቤት ነው። እንዴት መሰላችሁ? የሶማሌ አርብቶ አደር ሴት ልጅ ስትወልድ ለልጇ የሰርግ ቤት ማሰብ ትጀምራለች። አቃል ይሉታል። ቆልማማ እንጨቶች ይተከሉና በላያቸው ካበድ የሚባል ወፍራም ምንጣፍ ይደረባል። ያንን ካበድ ከገበያ አይገዙትም፤ እናት ናት የምትሠራው። የግራር ቅርፊት ይላጣል፣ ከዚያ እስኪለሰልስ ድረስ በጥርስ ይታኘካል፣ ከዚያ ይፈተላል፣ ከዚያ ይጎነጎናል። ኤዶ ቃሊ ለአንድ ልጇ ለዐኒሳ ዘጠኝ ካበድ ሠርታለች። ስድስት ዓመት ፈጅቶባታል። በየክረምቱ ቱሊ ጉሌድ እየሄደች ከእህቷ ከናስትሆ ጋር ቁጭ ብለው ሲያኝኩና ሲጎነጉኑ ይከርማሉ። ጠርዙን በጥቁር ክር የምትይዘው ናስትሆ ነበረች፤ እጇ የተለየ ነበር፣ ሁለት ወደ ፊት አንድ ወደ ኋላ አድርጋ ነው የምትሰፋው። የመጨረሻውን ጠርዝ በጨረሰች በወሩ ሞተች። እንግዲህ እነዚያ ዘጠኝ ካበዶች ምን እንደነበሩ ይግባችሁ።

በ2010 ሐምሌ ማለቂያ መጤ የተባለ ሰው ቤት እየተዘረፈ ከተማው ሲናወጥ እኔና እናቴ በር ዘግተን ተቀምጠን ነበር። ኤዶ ቃሊ በአጥሩ በኩል መጣችና «ተነሱ» አለችን፣ ሌላ ቃል የለም። ቤቷ አስገባችን። ከዚያ እሷና ዐኒሳ ተመልሰው ዕቃችንን በአጥር ላይ ማሸጋገር ጀመሩ። የእናቴን የልብስ ሳጥን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የስፌት መኪናውን፣ ድስት ሳይቀር። ስምንት ቀን እሷ ዘንድ ተቀመጥን። ሲበርድ ሁሉንም በዚያው አጥር መለሰችልን፤ ክዳኑ የጠፋ የስኳር ዕቃ እንኳ አልጎደለም። እናቴ እያለቀሰች እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ተቆጣች። «አማና ነው፣ አማና አይመሰገንም» አለቻት። አማና የኛው አደራ ነው። እነሱ ዘንድ ግን ከኛ አደራ ትንሽ ይከብዳል መሰለኝ፤ በእግዚአብሔር ፊት የተሰጠ ስለሆነ ሰው ሊጽፈው አይገባም ይላሉ።

ከተማው ሲረጋጋ ሪድዋን የሚባል ነጋዴ ከከተማው ዳር ሰፊ መሬት ይዞ የንግድ ትርዒትና ባዛር ማዕከል ከፈተ። እኔንም የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ አድርጎ ቀጠረኝ። መጀመሪያ በድንኳን ነበር የጀመርነው። አቤት እንዴት ያምር ነበር! የረመዳን ባዛር ሲሆን ከአዲስ አበባ፣ ከድሬዳዋ፣ ከሐርጌሳ ሳይቀር ነጋዴ ይመጣል። ጫማው፣ ሽቶው፣ የወጥ ቤት ዕቃው፣ ዓይናችን እያየ የሚገጣጠመው ቁም ሳጥን፣ የማይክሮፎኑ ጩኸት። ሪድዋን ደግሞ ትልቅ አሳቢ ነው፤ ድንኳኑን ትቼ የብረት አዳራሽ እሠራለሁ ብሎ ከባንክ ተበደረና ምሰሶዎቹን አቆመ። የጣሪያው ብረት ከውጭ ነው የሚመጣው ተባለ።

በበሩ ላይ ለመጪው እንግዳ የሶማሌ ቤት ይቁም ብሎ ያሰበው እሱ ነው። ኤዶ ቃሊን ያመጣኋት እኔ ነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ እኔ ነኝ። በየባዛሩ አቃሏን ታቆማለች፣ በሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሣል። የአዲስ አበባ ሴቶች ካበዱን እየዳሰሱ «በእጅ ነው? በእውነት በእጅ?» ሲሏት አፏን ሸፍና ትስቃለች። «የልጄ ቤት ነው» ትላለች። ያን ያህል ደስ ብሏት አይቼ አላውቅም።

በ2015 ክረምት ባዛሩ ሲያልቅ የኤዶ ቃሊ የኪራይ ቤት ጣሪያ ያፈስ ነበር። «ካበዶቹ ይበሰብሱብሻል፣ የኛ ግምጃ ቤት ደረቅ ነው፣ እዚያ ይቀመጡልሽ» አልኳት። በጋሪ አስጭነን መጣን። እኔም እንደ ሥራዬ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ የምንለውን የዕቃ መቀበያ ደረሰኝ አወጣሁና ጻፍኩ፤ ካበድ ዘጠኝ፣ የአቃል እንጨት አንድ እስር፣ አስረካቢ ቃሊ፣ ተረካቢ ደስታነሽ። ፈርሜ ሰጠኋት። ወረቀቱን ገልብጣ አየችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ዕቃሽን መቀበሌን የሚያሳይ ነው ኤዶ።»

«የተቀበልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እኔና አንቺ መሀል ወረቀት ምን ይሠራል? የእናትሽን ሳጥን ስወስድ ወረቀት ሰጥቼሽ ነበር?»

ፊቷ ላይ ቅያሜ አየሁ። አፈርኩ። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ደስም አለኝ። ከሠራተኞቹ ሁሉ እኔ ብቻ፣ የወታደር የልጅ ልጅ፣ የክርስቲያን ልጅ፣ አማና ተሰጠኝ። ኮራሁ! ደረሰኙን ከነቀሪው ከጥራዙ ላይ ገንጥዬ ፊቷ ቀደድኩት። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። አይ የኔ ነገር! እዚህም ከዚህ በፊትም አሥራ አምስት ዓመት ዕቃ ቤት ሠርቼ፣ አንዲት ቁና ምስማር ያለ ወረቀት ተቀብዬ የማላውቅ ሴት!

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ2016 ታኅሣሥ፣ አገራችን ለውጭ አበዳሪዎች መክፈል የነበረባትን ወለድ ሳትከፍል ቀረች የሚል ዜና ሰማን። እኔ «አገር ዕዳ ቢኖርባት የኔን ሽሮ ምን ይነካዋል» ብዬ ሳቅሁ። ሪድዋን ግን ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ለጣሪያው ብረት ዶላር ይፈቀድልኛል ብሎ ሁለት ዓመት ሲጠብቅ ነበር፤ ባንኩ ዛሬ ነገ ሲለው ቆይቶ ያኔ ጭራሽ የለም አለው። ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተባለና ብር ወደቀ። የጣሪያው ዋጋ በአንድ ወር ውስጥ ወደ እጥፍ ተጠጋ። የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ዕቃ የምናመጣበት የለንም ብለው ቀሩ፣ የሐርጌሳዎቹም ቀሩ። ሰው ዘይት መግዛት አቅቶት ማን ባዛር ይመጣል? ምሰሶዎቹ ያለ ጣሪያ ቆመው ቀሩ፤ ፍየሎች ገብተው ይተኙባቸው ጀመር። ካልከፈልክ ንብረትህ ይሸጣል የሚል የባንኩ ደብዳቤም በላይ በላዩ ይመጣል። የምቀበለው እኔ ነበርኩ።

ነሐሴ ላይ ኤዶ ቃሊ መጣች። ዐኒሳ ሸደር የስደተኞች ጣቢያ በእርዳታ ድርጅት ትሠራለች፤ እዚያው ሳማታር የሚባል ጨዋ ልጅ አግኝታ ሰርጓ ለጥር ተቆርጧል። «ካበዶቼን ልውሰድ» አለች። እኔ ምን አልኳት? «ዝናቡ ያባራ እንጂ ኤዶ፣ ምን አጣደፈሽ?» አልኳት። አፌ ይቆረጥ! የባንኩ ደብዳቤ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጦ እኮ ነው! ሪድዋን ይስተካከላል ስላለኝ፣ እኔም ይስተካከላል ማለት ስለፈለግሁ ነው። እሺ ብላ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ጥቅምት ላይ የባንክ ሰዎች ከፖሊስ ጋር መጥተው ግቢውን አሸጉት። መዝጋቢው ይሁን የሚባል ልጅ እግር ሰው ነው፣ ክፉ አልነበረም። ግምጃ ቤቱን ሲያስቆጥር ካበዶቹ ጋ ደረሰና «ያገለገለ ሰሌን፣ ዘጠኝ» ብሎ ጻፈ።

«ሰሌን አይደለም! የድርጅቱም አይደለም! የሰው ቤት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ይረጋጉ ወይዘሮ ደስታነሽ። ግቢው ውስጥ የተገኘ ሁሉ የተበዳሪው ነው የሚባለው። የሌላ ሰው ከሆነ ገቢ የሆነበት ወረቀት ይምጣ፣ በማግስቱ አስወጣለሁ።»

«እኔ ምስክር አይደለሁም?»

«እርስዎ የድርጅቱ ሠራተኛ ነዎት። የሠራተኛ ቃል ብቻውን አይበቃም።»

ሪድዋን ቢናገርላት ትላላችሁ። እሱማ ተናግሯል፤ የተበዳሪ ቃል ጭራሽ አይሰማም ተባለ። ዕቃ ሊያሸሽ ነው ብለው ነው የሚያስቡት።

ቤቴ ገባሁና አሰብኩ። ባዶ የደረሰኝ ጥራዝ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ቀኑን የ2015 አድርጌ፣ ያንኑ የቀደድኩትን ቃል በቃል ደግሜ ጻፍኩት። አስረካቢ የሚለው ላይ የቃሊ የጣት አሻራ ያስፈልጋል። ብጠይቃት እሺ እንደማትል አውቃለሁ። የራሴን አውራ ጣት ቀለም ነክሬ አተምኩት። ኃጢአት ነው? ይሁና! የሷን ዕቃ ለሷ ለመመለስ ነው፣ እግዜር ራሱ ይፈርድልኛል አልኩ። በማግስቱ ወሰድኩለት።

ይሁን ወረቀቱን አየው፣ እኔን አየኝ። «ባለቤቷ ራሷ ትምጣና ትንገረኝ» አለ።

ኤዶ ቃሊን ይዣት ሄድኩ። መንገድ ላይ «ዕቃው የኔ ነው በይ፣ ሌላ ምንም አትበዪ» ብዬ ለመንኳት። ለሰርግ እንደሚኬድ ንጹሕ ለብሳ ነበር። ይሁን ወንበር ሰጣት፣ እማማ አላት፣ በደንብ ነው ያስተናገዳት።

«እማማ፣ ካበዶቹ የእርስዎ ናቸው?»

«የኔ ናቸው። የልጄ ናቸው» አለች፣ በዚያ ቁርጥ ቁርጥ ባለ አማርኛዋ።

«ሲያስገቡ ይህ ወረቀት ተሰጥቶዎታል? ጣቱ የእርስዎ ነው?»

እኔ በጎን ዓይኔን አፈጠጥኩባት፣ በእግሬ እግሯን ነካሁ። ወረቀቱን ቀስ ብላ ወሰደችና አየችው። የኔን እጅ አየች፤ ቀለሙ ጥፍሬ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

«አይደለም። ወረቀት አልነበረም። አማና ነው» አለች።

«ኤዶ!» አልኩ። በሶማልኛ «የዐኒሳ ቤት ነው እኮ! አንድ ቃል ነው! አዎ በይ!» ብዬ ጮህኩባት።

«ዕቃው የኔ ነው ደስታ። ወረቀቱ ግን ውሸት ነው። ውሸት ላይ የልጄን ቤት አላቆምም።»

ይሁን ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። «ይህን እኔ አላየሁትም፣ እርስዎም አላመጡትም» አለኝ። እስር ቤት ልገባበት የምችለውን ነገር ነው ያለፈልኝ። ካበዶቹን ግን ማለፍ አልቻለም። እንደወጣን ኤዶ ቃሊን ሰደብኳት። አዎ፣ ሰደብኳት! ግትር አልኳት፣ ልጅሽን ጠላሻት አልኳት። ስጨርስ «ባጃጅ ጥሪ፣ ፀሐይ ነው» አለችኝ።

ሐራጁ ታኅሣሥ ላይ ሆነ። የጆሮ ጉትቻዬን ሸጬ ሄድኩ። ሰሌኖቹን ብቻ ልግዛ ብል የለም፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ጄኔሬተሩ፣ ሰሌኑ፣ ሁሉም በአንድ ጥቅል ነው ተባለ። ለማላውቀው ነጋዴ ወጣለት። ተከትዬው ሮጥኩ፤ መኪናው ተጭኖ ወጥቶ ነበር። ነጋዴውም ዕቃውን በየፈርጁ በትኖ ሸጦታል አሉኝ።

ጥር ላይ ዐኒሳ ተዳረች። በሶማሌ ወግ ሙሽሮቹ ሰባት ቀን እናት ባቆመችው ቤት ይቆያሉ። ዐኒሳ ግን ባለ ቆርቆሮ የኪራይ ክፍል ውስጥ ገባች። የከተማ ልጅ ናት፣ «ምንም አይደለም ሁዮ» ብላ እናቷን አቅፋ ሳመቻት። የሳማታር አክስቶች ግን ከገጠር ነው የመጡት፤ እርስ በርስ «ምን ዓይነት እናት ናት፣ ለአንድ ልጇ አንድ ካበድ የላትም?» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ኤዶ ቃሊም ሰምታለች። ጥርሶቿን ለዚያ ቤት የጨረሰች ሴት አንገቷን ደፍታ ሩዝ ታቀርባለች። ቀና ብላ «ሠርቼ ነበር፣ ይቺ ናት ያጠፋችብኝ» ብትል ምን ነበረበት? ጣቷን ብትቀስርብኝ ደስ ባለኝ! አላለችም። እኔ ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላዬ አፍኜ አለቀስኩ።

ሰኔ ላይ በጫት ተራ በኩል ሳልፍ አንዲት ፒካፕ ቆማ ጫት ታራግፋለች። ጫቱ እንዳይጠወልግ እርጥብ ነገር ይለብሳል፤ የዚህችኛዋ ልባስ ከተለመደው ጆንያ ወፈር ያለ ነው። ቀረብ አልኩ። ጠርዙ ላይ ጥቁር ክር፤ ሁለት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ሾፌሩን ማሃሙድን የፒካፑን በር ይዤ «ከየት አመጣኸው?» ብዬ አፋጠጥኩት። ተሸጦ ተሸጦ እሱ ጋ የደረሰ አንድ ብቻ ነው፣ ለመኪናው ልክ እንዲሆን ግማሹን ቆርጦ ጥሎታል። ነገሩን ስነግረው ደነገጠ። «እኔ ሰሌን መስሎኝ ነው። ውሰጂው፣ ገንዘብ አልፈልግም» አለኝ። ውሃ የጠጣውን ከባድ ነገር በጀርባዬ ተሸክሜ፣ ቀሚሴ ጫት ጫት እየሸተተ፣ ባጃጅ እንኳ ሳልይዝ ኤዶ ቃሊ ቤት ደረስኩ።

ዐኒሳ ነፍሰ ጡር ሆና እናቷ ዘንድ መጥታ ነበር። መሬቱ ላይ ዘረጋሁት። «ኤዶ፣ ግማሽ ብቻ ነው ያገኘሁት። ይቅር በዪኝ» አልኩ።

ተንበረከከች። ጠርዙን ያዘችና በጣቶቿ ቀስ እያለች ተከተለችው፤ ጥቁሩን ክር፣ የእህቷን ስፌት፣ ከጫፍ እስከ ተቆረጠበት ድረስ። እዚያ ስትደርስ እጇ ቆመ። ዐኒሳ «ሁዮ፣ ይሄ እኮ የሀበርያር ናስትሆ…» ብላ ስትጀምር ኤዶ ቃሊ ቀና ብላ አየቻት፤ ልጅቷ የእናቷን እህት ስም ብቻ ጠርታ አቋረጠች።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች ኤዶ ቃሊ።

«ኤዶ…»

«የኔ አይደለም ደስታ። የኔ በደህና ቦታ ይሆናል፣ አንዷ ልጅ ተድራበት ይሆናል። ይሄ የሌላ ሰው ነው። ለሾፌሩ መልሺለት። አንቺም ከእንግዲህ መፈለጉን ተዪው፣ እረፊ።» ዓይኖቿ ሞልተው ነበር፤ እኔ እንዳላይ ሻሿን እስከ ግንባሯ ሳበችው።

የልጇን ቤት ለማስመለስ አንድ ቃል መዋሸት እምቢ ያለች ሴት ናት እኮ። ለባንክ ያልዋሸችውን፣ ለሰርጉ ያልዋሸችውን፣ እኔን ለማሳረፍ ብላ ዋሸች። አውቃለሁ፣ ማወቄንም ታውቃለች። የእህቷን እጅ መሬት ላይ ዘርግታ እያየች የኔ አይደለም አለች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። «እሺ ኤዶ» አልኩና ጠቅልዬ ተሸክሜው ወጣሁ።